የአያ አለልኝን ቋጠሮ መፈተሽ

ሥራ የገባሁ ዕለት ከጣሪያ ላይ ተባረርኩ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ገባሁ፣ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ «ወደ ቤትህ!» ተባልኩ። ከዚያ ወዲህ ሃያ አንድ ዓመት በገመድ ላይ ሠርቻለሁ፤ ያን ቀን ያህል ያስተማረኝ ቀን ግን የለም።

ሥራችን በአጭሩ ከፎቅ ጣሪያ በገመድ ተንጠልጥሎ መውረድ ነው። መስኮት እናጥባለን፣ የተሰነጠቀ ግድግዳ እንደፍናለን፣ የላላ ድንጋይ እናጠብቃለን፣ ትልልቅ ማስታወቂያ እንሰቅላለን። የእስራኤሏ ሃይፋ ደግሞ ለዚህ ሥራ የተፈጠረች ከተማ ናት። ቤቱ ሁሉ ተራራው ላይ የተለጠፈ ስለሆነ ከፊት አራት ፎቅ የመሰለህ ከኋላው ስምንት ሆኖ ይጠብቅሃል። ግድግዳውን የባሕሩ ጨው ይበላዋል፤ እሱ ሲበላ እኛም እንበላለን።

ከዚህ ሥራ በፊት ሃይፋ አጠገብ፣ ነሸር ውስጥ በአንድ መጋዘን ዕቃ ጫኝ ነበርኩ። ወገቤ እምቢ ሲለኝ ባለቤቴ ጥሩዬ፣ «አያ አለልኝን ለምናቸው እስቲ፤ እሳቸው ጋ ሰው ይፈለጋል አሉ» አለችኝ። እኔም ለመንኳቸው።

አያ አለልኝ የጉባኤያችን ሽማግሌ ናቸው። እኛ ከጎንደር የመጣን፣ በኢየሱስ ክርስቶስ የምናምን ጥቂት ቤተሰቦች ነን። ሀዳር በሚባለው የሃይፋ ሰፈር በአንድ ያረጀ ሕንፃ ምድር ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ ተሰብስበን በአማርኛ እናመልካለን። እሳቸው ቅዳሜ ጸሎት ይመራሉ፣ በሥራ ቀን የገመድ ቡድን ይመራሉ። አጭር፣ ቀጭን፣ ሲቆጡ እንኳ ድምፃቸው ከፍ የማይል ሰው ናቸው። በዕድሜ ከአባቴ ጥቂት ቢያንሱ ነው።

ያን ጠዋት ሀዳር ውስጥ የአንድ ባለ ሰባት ፎቅ ጣሪያ ላይ ወጣን። ሥራ አስኪያጃችን ቦሪስ ከሩሲያ የመጣ፣ አንገቱ እንደ ግንድ የወፈረ ሰው ነው። «ሪትማ» የምንለውን የሰውነት ማሰሪያ ቀበቶ አስታጠቀኝ፣ ካስዳውን ማለትም የራስ ቁሩን ጭንቅላቴ ላይ ደፋልኝና ትምህርቱን በአንድ ትንፋሽ ጨረሰው።

«ሁለት ገመድ አለህ። አንዱ የሥራ ገመድ ነው፣ በእሱ ትወርዳለህ። ሁለተኛው የመጠባበቂያ ነው፣ የመጀመሪያው ጉድ ቢያደርግህ የሚይዝህ እሱ ነው። ሁለቱ አንድ ቦታ ላይ አይታሰሩም፣ ለየብቻ ነው። ከመውረድህ በፊት ሁለቱንም ቋጠሮ በገዛ እጅህ ትፈትሻለህ። ማንም ይሰረው ማን፣ አንተ ትፈትሻለህ። ገባህ?»

«ቤሰደር» አልኩ፣ እሺ ማለቴ ነው።

አያ አለልኝ የሥራ ገመዴን የአሳንሰሩ ሞተር ቤት ምሰሶ ላይ፣ መጠባበቂያውን ደግሞ ሌላ የብረት ቀለበት ላይ አሰሩ። «ጨርሻለሁ» አሉ። እኔም «እግዜር ይስጥልኝ አያ» ብዬ እጅ ነሳሁና አንድ እግሬን ወደ ውጭ አሻገርኩ።

ቦሪስ ከኋላ ቀበቶዬን ጨምድዶ ወደ ጣሪያው ወረወረኝ። በቂጤ ተቀመጥኩ።

«ፈትሸሃል?»

«አያ አለልኝ ናቸው እኮ ያሰሩት!»

«ማን አሰረው አላልኩህም። ፈትሸሃል ወይ ነው የምልህ!»

ምን ልበለው? እኛ አገር አንድ ትልቅ ሰው የሠራውን ሥራ፣ ያውም ፊቱ ቆሞ፣ እየነካካህ ልክ ነው አይደለም ማለት ምን ማለት እንደሆነ እንዴት ብዬ ላስረዳው? ይሉኝታ ያዘኝ ልለው ፈለግሁ፣ ግን ዕብራይስጤ አልደረሰልኝም። ቦሪስም «ወደ ቤትህ ሂድ። ነገ ሰው ሆነህ ና» አለኝ።

አውቶቡስ እየጠበቅሁ በንዴት ስቃጠል አያ አለልኝ ሪትማቸውን እንደታጠቁ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ።

«ለምን አልፈተሽክም?»

«አያ፣ እንዴት ብዬ? የእርስዎን እጅ ልጠራጠር?»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ስማ ፈንታሁን፣ ያከበርከኝ መስሎሃል። አላከበርከኝም። እኔ ሰው ነኝ። ዓይኔ ይደክማል፣ ሐሳቤ ይሄዳል፣ ጣቴ ይሳሳታል። ዛሬ ተሳስቼ ቢሆን ኖሮ አንተ አስፋልቱ ላይ፣ እኔ ደግሞ የጥሩዬን ፊት እስክሞት እያየሁ። ሳትፈትሽ ስትወርድ የሰጠኸኝ የእግዚአብሔርን ቦታ ነው። ተው፣ አልችለውም።»

አውቶቡሱ ሲመጣ ተነሳሁ።

«ነገ ፈትሽ» አሉኝ። «ፊቴ ቆመህ ፈትሽ። ደስ ይለኛል።»

በማግሥቱ ፈተሽኩ። ያን ጊዜ የከበደኝ ከፍታው አይደለም፣ ሐፍረቱ ነው። ቋጠሮውን ጎተትኩ፣ ጅራቱ ስንት ጣት እንደተረፈ ለካሁ፣ የመያዣ ቀለበቱ መቆለፉን በአውራ ጣቴ ጫን ብዬ አየሁ። አያ አለልኝ እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል። ፊታቸው ሲፈካ አየሁና ገረመኝ። የመጀመሪያውን ሰባት ፎቅ በዚያ ቀን ወረድኩ።

እንዲህ እንዲህ እያልኩ ሥራውን ለመድኩ። መጀመሪያ መሬት ላይ ቆሜ መንገደኛ እንዳያልፍ ገመድ የምዘረጋ ነበርኩ፣ ቀጥሎ ባልዲ አቀባይ፣ ከዚያ ሙሉ ወራጅ። ገመዱ በጣሪያው ጠርዝ ላይ እንዳይፋተግ ቁራጭ ምንጣፍ ከሥሩ ማንጠፍ፣ ከሰሜን የመጣ ነፋስ የሕንፃው ማዕዘን ጋ ሲደርስ እንዴት እንደሚዞር፣ ሻራቭ የሚሉት የበረሃ ሙቀት ሲነሳ ግድግዳ ደፋኙ ማጣበቂያ እንደማይዝ፣ ሁሉንም ያስተማሩኝ አያ አለልኝ ናቸው። ምክር አያበዙም። ስሳሳት «አሁንስ?» ይሉና እስከማስተካክል ድረስ ያዩኛል። እኔ ቶሎ ቱግ የምል ሰው ነኝ፤ እሳቸው ፊት ግን ቱግ የምልበት ነገር አጣሁ።

ደስ የሚልም ነገር አለው ሥራው። አንድ ጊዜ ኔቬ ዮሴፍ በሚባል ሰፈር አምስተኛ ፎቅ ላይ ግድግዳ ስደፍን አንዲት አሮጊት መስኮቷን ከፈተችና ፊት ለፊት ተፋጠጥን።

«ከየት መጣህ?» አለችኝ።

«ከላይ» አልኳት።

«ተመስገን! ስንት ዓመት አምላክን ስለምንበት የቆየሁትን የመስኮት መዝጊያ ሥራልኝ እንግዲህ» አለች፣ ምንም ሳትደነግጥ። ሠራሁላት። ቦሪስ ከታች ሆኖ ሲጮህ እሷ በመስኮቱ አንገቷን አውጥታ መልሳ ጮኸችበት፣ ለእኔም አንድ ትልቅ ቴምር አጎረሰችኝ።

ምርጫ ሲመጣ ደግሞ ሥራችን ፊት መስቀል ይሆናል። የፖለቲከኛ ፊት። ስድስት ፎቅ፣ ስምንት ፎቅ የሚሸፍን ሸራ ላይ የታተመ ፊት ከጣሪያ እናወርዳለን፣ ጠርዙን እንወጥራለን፣ ነፋስ ጠልፎ እንዳይቀደው እዚህም እዚያም መተንፈሻ እንቆርጥለታለን። ዓይናቸው በር ያክላል። እኔ እነዚህን ሰዎች በቴሌቪዥን ሳያቸው አላውቃቸውም፣ አፍንጫቸውን ስጠጋው ነው የማውቃቸው። ምርጫው ባለፈ ሳምንት ሁሉንም እናወርዳለን። ያሸነፈውም ይወርዳል፣ የተሸነፈውም ይወርዳል፣ ቦሪስም ሸራውን ጠቅልሎ ለሚፈልግ ያድላል። ስንት «የሕዝብ ተስፋ» የቲማቲም መሸፈኛ ሲሆን አይቻለሁ መሰላችሁ!

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሥራው ውስጥ አሥራ አራት ዓመት ያህል ከቆየሁ በኋላ የሆነ ነው።

የምናመልክበት ምድር ቤት የከተማው አስተዳደር ንብረት ነው። ቀድሞ ዕቃ ቤት ነበር። እኛ አጸዳነው፣ ቀለም ቀባነው፣ አያ አለልኝ በእጃቸው የሠሩትን የእንጨት መስቀል የፊቱ ግድግዳ ላይ ሰቀልን። እዚያ ልጆቻችን ተባርከዋል፣ እዚያ ለሟቾቻችን አልቅሰናል። የምንጠቀምበት በየጊዜው በሚታደስ ፈቃድ ነው። አንድ ቅዳሜ አያ አለልኝ ከኪሳቸው ፖስታ አወጡና «ደብዳቤ መጥቷል» አሉን። ፈቃዱ አይታደስም፣ ክፍሉ ለሌላ አገልግሎት ታስቧል፣ በወር ተኩል ውስጥ ልቀቁ ይላል። አንብበው እንደጨረሱ በሥርዓቱ አጥፈው ወደ ኪሳቸው መለሱት። ከሰዉ መካከል አንዲት እናት ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ሌላ ቤት እንዳንከራይ የአብዛኛው ሰው ኑሮ ከእጅ ወደ አፍ ነው፤ ከተበተንን ደግሞ እንደማንሰበሰብ ሁላችንም አውቀነዋል።

ወሬው እንዴት እንደደረሰው አላውቅም፣ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ለከተማው ምክር ቤት የሚወዳደር አንድ ሰው አያ አለልኝ ጋ ደወለ። ስሙን አልጠራም። እጠብቃችኋለሁ፣ እኔ እያለሁ ማንም አይነካችሁም፣ ቅዳሜ እመጣለሁ አላቸው። አያ አለልኝ እንደዚያ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም። «እግዚአብሔር ሰው ላከልን!» አሉኝ።

ሰውየው ቅዳሜ መጣ። ሽቱው ከፊቱ ቀድሞት ገባ። ፎቶ አንሺ ይዟል፣ ሌላ አንድ ሰው ደግሞ የተጠቀለለ ሸራ ተሸክሟል። ሁሉንም እየጨበጠ አለፈ፣ ሽማግሌዎቹን አቀፈ። በዕብራይስጥ የሚናገረውን ጥሩዬ ለትልልቆቹ ትተረጉማለች።

«እኔ ከተመረጥኩ ይህ ቤት የእናንተ ነው» አለ። «ጭንቀታችሁን ለእኔ ተዉት። እናንተ ድምፃችሁን ስጡኝ፣ የቀረውን እኔ አውቃለሁ።»

እልልታው ቤቱን አናጋው። እኔም አጨብጭቤያለሁ፣ ምን ይደበቃል!

ፎቶ አንሺው ሸራውን ተቀብሎ ዘረጋው። የሰውየው ፊት ነው፣ ቁመቱ ከእኔ ይበልጣል። የሚሰቅልበት ቦታ ፈልጎ ዙሪያውን ቃኘና ጣቱን ወደ ፊት ለፊቱ ግድግዳ ቀሰረ፣ መስቀሉ ወዳለበት። «እዚያ ላይ ብርሃኑ ጥሩ ነው። ከላዩ ሸፍናችሁ ስቀሉት። መስቀሉ ፎቶው ላይ ባይታይ ይሻላል፣ ሌላ ቦታ ያሉ መራጮቻችን ላይወዱት ይችላሉ» አለ።

ጥሩዬ መተርጎሟን አቆመች። አያ አለልኝ ግን ነገሩ ገብቷቸዋል። ላብ ፊታቸው ላይ ችፍ አለ። «ለአንድ ፎቶ ነው እኮ» አሉ ዝግ ባለ ድምፅ። «ፈንታሁን፣ አንተ ሥራህ ነው። ስቀለውና እንገላገል።»

መሰላል መጣ። ወጣሁ። ሸራውን በግራ እጄ እንደያዝኩ ከመስቀሉ ጋር ፊት ለፊት ተገናኘሁ። አያ አለልኝ እንጨቱን ሲልጉት እኔ ነበርኩ የያዝኩላቸው። ስንት ፊት ሰቅያለሁ በሕይወቴ፣ እጄ እንደዚያ ቀን እምቢ ብሎኝ አያውቅም። መሰላሉ ላይ ሆኜ ዞርኩ።

«አያ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩ። «ይሄን ቋጠሮ ማን ፈተሸው?»

ከመሰላሉ ወረድኩና ሰውየውን በዕብራይስጥ ጠየቅሁት። «ጌታዬ፣ ስለ መጡልን እናመሰግናለን። አንድ ነገር ልጠይቅ። ስለዚህ ክፍል የሚወስነው እርስዎ ነዎት?»

«የሚወስኑትን አውቃቸዋለሁ» አለ እየሳቀ።

«እነሱስ ቃል ገብተውልዎታል?»

«አነጋግራቸዋለሁ።»

«የነገሩንን በወረቀት ላይ ይጽፉልናል?»

ሳቁ ጠፋ። «ወዳጄ፣ ፖለቲካ በእምነት ነው የሚሠራው። እመኑኝ።»

እኔ ግን በሥራዬ የማውቀው አለ። ገመድ ከገመድ፣ ያም ገመድ ከሌላ ገመድ ታስሮ ስትከተለው ስትከተለው መጨረሻው ላይ ምሰሶ ከሌለ፣ አትወርድም። አለቀ። «እኛ የምናምነው አንድ አለ» አልኩት። «እርስዎን እናከብራለን፣ ጸሎትም እናደርግልዎታለን። ቢፈልጉ ፊትዎን በስምንት ፎቅ ላይ ቀጥ አድርጌ እሰቅለዋለሁ፣ እንጀራዬ ነው። እሱን ሸፍኜ ግን አልሰቅልዎትም።»

ደሙ ፈላ። ሸራው ይጠቅለል አለ። በሩ ላይ ሲደርስ፣ «ከወር በኋላ መንገድ ላይ ስትሰበሰቡ እናያለን» ብሎን ወጣ።

ምን እንደጠበቅሁ እንጃ። አንድም ሰው አላጨበጨበልኝም። «ምነው ፈንታሁን፣ ቤታችንን አፈረስከው» ያለኝ አለ። አያ አለልኝ ጃኬታቸውን አንስተው ደህና ዋሉ ሳይሉ ሄዱ። ቤት እንደገባሁ ጥሩዬን «ምን አደረግሁ?» አልኳት። «ፈንቴ፣ እኔ አልተረጉምም ብዬ ጀምሬው አልነበር? አንተ ብቻህን አይደለህም» አለችኝ። ያን ማታ ጸልየን ተኛን፣ እንቅልፍ ግን አልመጣም። ይህ የምንኖርበት ቀርሜሎስ ነቢይ ንጉሥን ፊት ለፊት የተናገረበት ተራራ ነው፤ ነቢዩ ግን እንደ እኔ በማግሥቱ ከሽማግሌው ጋር አንድ ጣሪያ ላይ መሥራት አልነበረበትም።

አያ አለልኝ በሥራ ላይ ስምንት ቀን አላናገሩኝም። «ገመድ»፣ «ባልዲ»፣ «ውረድ»፣ ከዚህ ያለፈ ቃል የለም። ቋጠሮዬን ሲያስሩልኝ እፈትሻለሁ፣ እሳቸው ወደ ባሕሩ ዞረው ይቆማሉ። እመኑኝ፣ ከዚያ ይልቅ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

በዘጠነኛው ቀን ቦሪስ ጠራኝ። «አንድ ደንበኛ ደውሎ ነበር። ስምንት ፎቅ ላይ ፊቱን እንድንሰቅል ይፈልጋል። አንተ እንዳትመጣ ብሏል። ምን አደረግኸው?»

ነገርኩት። ቦሪስ በእግዚአብሔር ነገር ብዙም የለበትም። ጢሙን እያሸ አሰበና «እንዲህ አልኩት» አለኝ። «እኔ ጋ ሸራ ያለ ሽብሽብ የሚሰቅሉ ሁለት ሰዎች አሉ። አንዱ አለልኝ ነው፣ አንዱ ፈንታሁን። ሌላ ብልክልህ አፍንጫህ ይጣመማል አልኩት። ይምጣ አለ።»

ሰቀልነው። አያ አለልኝ በግራ ጆሮው በኩል፣ እኔ በቀኝ ጆሮው በኩል እየወጠርን ወረድን። አራተኛ ፎቅ ላይ ስንደርስ ነፋስ ተነሳና ሥራ አቁመን ግድግዳውን ተጠግተን ጠበቅን። በመካከላችን የሰውየው አገጭ ብቻ አለ።

«ፈንታሁን» አሉኝ።

«አቤት አያ።»

«ያዋረድከኝ መስሎኝ ነበር።»

የሸራውን ጠርዝ እንደያዝኩ ጠበቅሁ።

«ፈርቼ ነው» አሉ። «የት ወስጄ አስጸልያቸዋለሁ እያልኩ እንቅልፍ አጥቼ ነበር። ሰውየው ሲመጣ ሳልፈትሽ ዘለልኩ። አንተን ያስተማርኩህን እኔ ረሳሁት። መስቀሉን እኮ ሸፍኑት አልኩ፣ በገዛ እጄ የሠራሁትን! አሁን እዚህ ገመድ ላይ ሆኜ ከጌታ ጋር እያወራሁ ነው የሰነበትኩት።» ከዚያ በጣታቸው ጠቁመው፣ «በል ያንን ጠርዝ ወጥረው፣ አገጩ ተጨማዷል» አሉኝ።

እያለቀስኩ ወጠርኩት። ያን ፊት የሰቀልኩትን ያህል ቀጥ ያለ ፊት ሰቅዬ አላውቅም፣ ሽብሽብ የሚባል ነገር አልነበረበትም።

መሬት ስንደርስ «ነገ ራሳችን ኢሪያ እንሂድ» አሉኝ። ኢሪያ የከተማው አስተዳደር መሥሪያ ቤት ነው። ሄድን። መነጽሯን ፀጉሯ ላይ የሰካች አንዲት ጸሐፊ ተቀበለችን። አያ አለልኝ ደብዳቤውን ከኪሳቸው አውጥተው በሁለት እጃቸው ሰጧት። አነበበችና ገለበጠችው። ቀና ብላ አየችን።

«ጀርባውን አላያችሁትም?»

ጀርባ ነበረው! ተቃውሞ ያለው ሰው በዚህ ቀን ድረስ፣ ከዚህ ቅጽ ጋር፣ ለዚህ ክፍል ያመልክት ይላል። የቀረን አራት ቀን ነበር። አያ አለልኝ ሲያነቡት ፊቱ ላይ ያለው አስደንግጧቸው ሳይገለብጡ አጠፉት። እኛስ? አንድ ሰው እንኳ «አያ፣ እስቲ ያሳዩኝ» ያለ የለም። እኔ፣ ያ ሁሉ ሰው ፊት ቆሜ ስለ ቋጠሮ የደነፋሁት፣ እሳቸው ኪስ ውስጥ ያለ ወረቀት እጅ ዘርግቼ መጠየቅ ነውር መስሎኝ ወር ሙሉ ተቀምጫለሁ። ሁለታችንም እዚያው ጸሐፊዋ ፊት በሳቅ ፈነዳን። እሷም ምን እንደሆነ ሳይገባት አብራን ሳቀች፣ ቅጹንም አብራን ሞላች።

በዚያ ቅዳሜ አያ አለልኝ ጉባኤው ፊት ቆሙ። የሆነውን አንድም ሳይደብቁ ተናገሩ። «መሪያችን ነው ብላችሁ ስታምኑኝ እኔ ከሰው ጋር አሰርኳችሁ። ይቅር በሉኝ። ይህ ልጅ ፈተሸኝ» አሉ። ከዚያ ደብዳቤውን ከፊት ወንበር ላሉት ሰጡና «ተቀባበሉት። ሁላችሁም አንብቡ፣ ጀርባውንም» አሉ። ደብዳቤው ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ጸሎት ተጀመረ። ያን ቀን ስንጸልይ በመካከላችን የማንም ሰው ስም አልነበረም፣ ጉልበታችን ሲሚንቶው ላይ ነበር።

ከኢሪያ አንድ መርማሪ መጣ፣ ክፍሉን ለካ፣ ጥያቄ ጠየቀ። ከሦስት ሳምንት በኋላ መልስ ደረሰን። ጥሩዬ ናት ያነበበችው። ፈቃዱ ታድሷል። ያች የመጀመሪያው ደብዳቤ የመጣ ዕለት ያለቀሰች እናት እልልታዋን ለቀቀችው። ከላይ የሚኖሩት ጎረቤቶች «ሠርግ ነው ወይ?» እያሉ ወርደው መጡ። «ገና ምኑን አያችሁ!» አላቸው አንዱ፣ ገብተውም አብረውን አጨበጨቡ። አያ አለልኝ መስቀሉ ሥር ቆመው እንደ ወጣት ሲዘሉ አየኋቸው። እንዴት ያለ ቀን ነበር! ስጽፈው አሁንም እንባዬ ይመጣል።

ሰውየውስ? ተመረጠ። አዎ፣ ወንበሩን አገኘ። ቅዳሜ አያ አለልኝ በስሙ ጠርተው ጸለዩለት፣ ጥበብ እንዲሰጠው፣ ለድሀ እንዲፈርድ። ሁላችንም ከልባችን «አሜን» አልን። መሪ ነው፣ ጸሎት ያስፈልገዋል፤ ከእኛ ይልቅ እሱ ያለበት ከፍታ ያስፈራል።

ፊቱን ያወረድኩት እኔ ነኝ። ቦሪስ ሸራውን «ለማን ልስጠው?» ሲል እጄን አወጣሁ። የፋሲካ ዕለት ከምናመልክበት ምድር ቤት በስተጀርባ ያለችው ግቢ ላይ ለምሳ እንደ ዳስ ወጠርነው። ነጩ ጀርባው ወደ እኛ፣ ፊቱ ወደ ሰማይ። ጥሩዬ «ምነው ፊቱን ገለበጣችሁት?» ስትል አያ አለልኝ፣ «የሚያየው አምላክ ነው፤ እሱ ይፈትሸው» አሉ። ሰዉ ሁሉ በሳቅ ወደቀ። እውነቱን ለመናገር ጥሩ ጥላ ሰጥቶናል። ቃሉን ባይጠብቅ ከፀሐይ ጠብቆናል።

አያ አለልኝ ከሁለት ዓመት በኋላ ጡረታ ወጡ። የመጨረሻ ቀናቸው ያው እኔ የተባረርኩበት ባለ ሰባት ፎቅ ላይ ነበር፤ ቦሪስ ሆን ብሎ ነው ያደረገው። ገመዳቸውን ያሰርኩላቸው እኔ ነኝ። «ጨርሻለሁ አያ» አልኳቸው። ተንበርክከው ቋጠሮዬን ጎተቱ፣ ጅራቱን ለኩ፣ ቀለበቱን በአውራ ጣታቸው ጫን አሉ፣ ሁለተኛውንም እንዲሁ። ጊዜ ወሰዱ። ሊያስደስቱኝ መሆኑ ገብቶኛል። ከዚያ ካስዳቸውን አጥብቀው፣ ባሕሩን አይተው፣ እየሳቁ ወረዱ።

አሁን ቡድኑን የምመራው እኔ ነኝ። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ ቋጠሮውን እኔው አስርለትና ቆሜ አየዋለሁ። ካልፈተሸ ወደ ቤቱ እልከዋለሁ። የተማርኩት ይህ ነው፦ የሥራ ገመዴን ሰው ሊያስርልኝ ይችላል፣ አከብረዋለሁ፣ ፈትሼም እወርዳለሁ። ሁለተኛው ገመዴ ግን ከሰው ላይ አይታሰርም፤ የታሰረው ከእግዚአብሔር ነው፣ ይይዛልም።